መርከቧ ወንድሜን የጠራች ቀን

ከሳቢያን መነሻ

እኔንና እናቴን ከሰፈራችን ከሳቢያን ወደ ድሬዳዋ አየር ማረፊያ ያደረሰን የባጃጅ ሹፌር ሻንጣዎቻችንን አይቶ «አቦ! ቤት ቀየራችሁ እንዴ?» አለን።

«ለሽርሽር ነው፤ በመርከብ» ስለው ዞር ብሎ አየኝ። አልፈርድበትም። ድሬ ላይ መርከብ የሚያነሳ ሰው ወይ ዕቃ አስመጪ ነው ወይ ሊሰደድ ነው። እኔም መጋላ ገበያ ያለችውን የጨርቅ ሱቄን ዘግቼ ሦስት ሌሊት ባሕር ላይ አድራለሁ ብዬ አልሜ አላውቅም። ትኬቱን የገዛችልን ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰላም ናት፤ እናቴ ትንሽ ትተንፍስ ብላ።

መተንፈስስ ያስፈልጋታል። ታናሽ ወንድሜ ያሬድ የዛሬ ሰባት ዓመት በጅቡቲ አድርጎ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ወጣ። ጅቡቲ ካለው የኦቦክ ወደብ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ጀልባዋ ሰጠመች ያሉ አሉ፣ ታስሯል ያሉም አሉ። መርዶ የነገረን ግን ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ እርማችንንም አላወጣንም። እናቴ ፊት ያሬድን «ነበር» ብሎ የሚያነሳ ሰው ካለ ተነስታ ትወጣለች። እኔ በልቤ ከቀበርኩት ቆይቻለሁ፤ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ዱባይ ወደብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

በአዲስ አበባ በኩል በርረን ዱባይ አደርን። በማግስቱ ወደቡ ላይ የቆመችውን መርከብ ሳይ አንገቴን እስኪያመኝ ቀና አልኩ፤ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው ትይዛለች። ምግቡ እንዳሻችሁ ነው፤ እናቴ ግን ረቡዕ ነው ብላ ሩዝና ሰላጣ ብቻ አነሳች። የታሸገ ውሃ ለብቻው ይከፈላል፤ አሥራ ሁለት ድርሃም! ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ መግዛት፣ ጉድ እኮ ነው።

ወደ ክፍላችን የሚወስደው ኮሪደር ግን አልወደድኩትም። ማለቂያ የለውም፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል። ሰው የለም። በራችንን ስንከፍት ሦስት አልጋ ተነጥፎ፣ ሦስት የመንሳፈፊያ ጃኬት ተሰቅሎ ጠበቀን።

«ተሳስተዋል» አልኩ።

እናቴ ከሻንጣዋ የተተኮሰ የወንድ ሸሚዝ አውጥታ ሦስተኛው አልጋ ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ስሙን አስመዝግቤዋለሁ። ሰላምን ለምኜ ነው፤ አትቆጪያት። እሱን ጥለን ሽርሽር እንሂድ እንዴ?»

ከቀኑ አሥር ሰዓት

መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ተሳፋሪው ሁሉ አደጋ ቢመጣ የሚሰበሰብበት ቦታ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ተመዝግበን ስንመለስ ኮርኒሱ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ተናገረ።

«ሚስተር ያሬድ ተፈራ። ሚስተር ያሬድ ተፈራ።»

ሰባት ዓመት ማንም ጮክ ብሎ ያልጠራውን ስም አንዲት የማላውቃት ሴት በየፎቁ ትጠራዋለች። ድምፁ ከላይ ያልቅና ከታች፣ ከባዶው ኮሪደር ጫፍ ዘግይቶ ይመጣል። እናቴ ቀጥ ብላ ቆማ ታዳምጣለች፤ ፊቷ በርቷል። እኔማ የሆነ ሰው ከሆነ በር ጀርባ «አቤት» ቢልስ ብዬ ፈራሁ።

ስም ዝርዝር የያዘች ፊሊፒናዊት መኮንን መጣች። የተመዘገበውና የተሳፈረው ሰው ቁጥር አልገጠመላቸውም። «ሦስተኛው ሰው ይመጣል ወይስ አይመጣም? እናትሽን ጠይቂልኝ» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ ሰባት ዓመት ያልተጠየቀውን ጥያቄ እኔው ልጠይቅ!

«እማዬ… ይመጣል ወይ ነው የምትለው።»

«እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቁታል?»

«እስከ አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው እንጠብቀው።»

መሳፈሪያው በር አጠገብ ተቀመጥን። በየጥቂት ደቂቃው ስሙ ይጠራል። ወላሂ፣ እኔም በሩን ማየት ጀመርኩ። ሊዘጋ ሲል አንድ ቀጭን ልጅ ቦርሳ በአንድ ትከሻው አንግቶ ድልድዩ ላይ እየሮጠ መጣ። ፀሐይ ከኋላው ስለሆነች ፊቱ አይታይም። አረማመዱ የያሬድ፣ ትከሻው የያሬድ! እናቴ ብድግ አለች። እኔም ሳላውቀው ቆሜያለሁ።

ጥላው ውስጥ ሲገባ ህንዳዊ ሆነ፤ የመርከቧ ሠራተኛ ነው። እጅ ነስቶን አለፈ።

መኮንኗ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቀረበች። እናቴ በሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አይመጣም በያት» አለች።

አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ቀበርኩት ባይዋ እኔ!

«በያት እንጂ ልጄ፤ ሰው አናስቁም።»

ነገርኳት። እናቴ አይመጣም የሚለው ወረቀት ላይ በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል ፈረመች። በሩ ተዘጋ፤ ወለሉ ከእግራችን ስር ተንቀጠቀጠ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰች። ከዚያ «ያሬዴ! ልጄ!» ብላ ጮኸች። ቱሪስቶቹ አይስክሬማቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እኔ እግሯ ላይ ወደቅኩ።

ባሕሩ ላይ

ሦስቱን ቀን የመርከቧን የዳር መደገፊያ ብረት ይዛ ውሃውን ስታይ ዋለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆምኩ፤ ፈርቼ ነው፣ አልዋሽም። «ይሄ እኮ እሱ የሄደበት ባሕር አይደለም» ብላት «ውሃ ውሃ ነው፤ ይገናኛል» አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ደህና ሁን አለችው።

መመለስ

ሳቢያን በገባን ማግስት በራችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ የመጋላ ደንበኞቼ ሳይቀሩ መጡ። ጉዞ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ሰባት ዓመት እናቴ ብቻ የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለታችንም በር በሩን ስናይ ነው የኖርነው።

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እናቴ አጠገብ ተቀምጠው ቀስ ብለው ጠየቋት።

«መርዶውን ማን ነገረሽ ልጄ?»

«ማንም አልነገረኝ እትዬ» አለች እናቴ። «እኔው ነኝ ለመርከቧ ሰዎች የነገርኳቸው።»