ፀዳለን የገደላት ጉንፋን

እታገኘሁ የቀናችው ባልተፈጠረች ሴት ላይ ነው። ሳቁ፣ እናንተ ምን አለባችሁ! እሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ የሆነው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ተወልዳ ያደገችው አሰላ፣ የተዳረችውም እዚያው ነበር። ባሏ ሣህሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ክስ ሲገለብጥ ይውልና ከሥራ ሲመለስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ደብተሩን ይከፍታል። የሚጽፈው ልብ ወለድ ነው። አንድ ልዑል ጅብ ተቀምጦ፣ የሰይጣኖች ንጉሥ ጭላሎ ተራራ ጫፍ ላይ ያሰራትን ልዕልት ፀዳለን ሊያስፈታ ይሄዳል። ጅቡ ደግሞ በየኮረብታው ምሳ ካልበላሁ ንቅንቅ አልልም ይላል። ሣህሌ እዚህ ሲደርስ ብቻውን ይንከተከታል። ይሳቅ፣ ማን ከለከለው! እታገኘሁን ያንገበገባት ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ፀዳልዬ፣ ስምሽን ስጠራ አፌ ማር ማር ይላል» እያለ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ያውም ዓይኑን ጨፍኖ!

በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር እሷን አንድ ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ስሚ» ነበር ስሟ። «ስሚ፣ ውኃ አምጪ።» «ስሚ፣ ካልሲዬን አየሽው?»

«ይህቺ ፀዳለ ማን ናት?» አለችው አንድ ቀን፣ ወጡን ጠረጴዛው ላይ ልትደፋው ምንም ሳይቀራት።

«ስሚ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። የለችም፤ ከጭንቅላቴ ያወጣኋት ናት።»

«እኔስ? ጭንቅላትዎ ውስጥ የት ነኝ?»

ሣህሌ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ እርጎ ይዛ መሪጌታ ሀብተ ማርያም ዘንድ ሄደች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል የሚያስቆጥሩ ሽማግሌ ናቸው። «ዳዊት መድገም አማረኝ፣ አባቴ» አለቻቸው። ውሸቷን ነው! እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክረምት ከበጋ፣ በዚያ ጭቃ፣ እርር ድብን እያለች ሀ ሁ ቆጠረች። «እንዲህ የሚተጋ ተማሪ አይቼ አላውቅም፤ መንፈስ ቅዱስ ነው» ይሉ ነበር መሪጌታ። ምን መንፈስ ቅዱስ! ቅናት ነው እንጂ።

አንድ ሐሙስ ሣህሌ ሥራ ሲሄድ ጠብቃ ደብተሩን ከፈተችው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች ረፋዱን ሙሉ አነበበች። ፀዳለ ሐር ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ጭላሎ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ስሟ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ እታገኘሁ የራሷን ስም ፈለገች። «እ» የሚለው ፊደል በመጣ ቁጥር ልቧ ዘለል ይላል፤ ቀረብ ስትል «እንግዲህ» ወይም «እንደገና» ሆኖ ያርፈዋል። ደብተሩን ሁለት ጊዜ ፈተሸችው፤ የለችም።

ታሪኩ የቆመው ልዑሉ ሰንሰለቱን ሊበጥስ እጁን የዘረጋበት ላይ ነበር። የባሏን ብዕር ቀለም ነክራ፣ ከሥሩ በተንጋደደ ፊደል ጻፈች፦ «ፀዳለ ግን በጉንፋን ሞተች። ልዑሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስት ነበረችው።»

ሣህሌ ከሥራ ተመልሶ ደብተሩን ሲከፍት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ማነው ልዕልቴን የገደላት?»

«እኔ ነኝ» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ሰሃን እያጠበች።

«አንቺ? ዳዊት ልትደግሚ አልነበር እንዴ ፊደል የተማርሽው?»

«ያስተማረችኝስ እሷው ናት።»

«ደግሞ በጉንፋን! ስንት ዘንዶ ያልበላትን!»

«በዚያ ብርድ፣ በሐር ቀሚስ፣ በባዶ እግሯ የምትቀመጥ ሴት በምን ልትሞት ኖሯል?»

ሊስቅ አፉን ከፈተና የመጨረሻዋን መስመር እንደገና አነበባት። ሳቁ እዚያው ቀረ። እታገኘሁ ገጹን ቀድዶ ይጥለዋል ብላ ጠበቀች።

«ስሚ» አለ።

ሰሃኗን ማጠቧን ቀጠለች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እታገኘሁ።»

ደንግጣ ወደ በሩ ዞረች፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም።

«አቤት» አለች።