የማለዳ እጄ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከእስቴ ወደ ስማዳ ተድሬ፣ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ በዓመቱ፣ ማለዳ ማለዳ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጣቶቼ አብጠው፣ አንጓቸው እንደ እሳት ግሎ፣ አልታጠፍም አልዘረጋም ይላሉ። መቀነቴን ማሰር አቅቶኝ ቀሚሴን በክንዴ ሰብስቤ እቆማለሁ። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ቀስ በቀስ ይፈታሉ። ከሰዓት በኋላ ምስር ስለቅም ያየኝ ሰው ታማለች አይልም።

ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ብማቅቅ ኖሮ ያምኑኝ ነበር።

የባሌ እናት ዶሮ ሲጮህ ወፍጮው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል።

"ትናንት ምስር ሲለቅም የዋለ እጅ ዛሬ መጅ አልይዝ አለ?"

"ያመኛል እኮ፣ እመት።"

"ጠዋት ይዞ ከሰዓት የሚለቅ በሽታ ስሙ ስንፍና ነው።"

እፈጫለሁ። መጁን በጣቶቼ መጨበጥ ሲያቅተኝ በመዳፌ እየገፋሁ እፈጫለሁ። ዱቄቱ ሻካራ ወጣ ተብሎ ደግሞ እሰደባለሁ።

ባልሽ ክፉ አልነበረም ይሉኛል። አልመታኝም፤ እውነት ነው። ግን ጆሮው የእናቱ ነበር። ወጌሻ አመጣልኝ። ወጌሻው ጣቶቼን እየሳበ ሲያስጮኸኝ ቆየና፣ አልሆን ሲለው ማጭድ አግሎ የእጄን አንጓ ተኮሰው። "ብርዱ ይወጣል" አለ። ምንም የወጣ ነገር የለም፤ ጠባሳው ግን ይኸው። ቁስሉ ሳይደርቅ "አሁንማ ታክመሻል" ብለው ወደ ወፍጮው መለሱኝ።

አንድ ማለዳ አልፈጭም አልኩ። ባሌ ሽማግሌ ሰበሰበ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ቀምሰው፣ ጠላ ጠጥተው፣ ደጃችን ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

"እስቲ እጅሽን ዘርጊ" አሉኝ። ዘረጋሁ።

"ጨብጪ።" ጨበጥኩ።

ተያዩ። አንዱ ሳቀ።

"በማለዳ መጥታችሁ እዩት እንጂ!" አልኩ። የንስሐ አባታችን ብቻ ለስለስ ብለው "ልጄ፣ ታገሺ። ኢዮብን አስቢ፤ ያን ሁሉ ቁስል ችሎ የለም?" አሉኝ።

"አባ፣ ኢዮብን ማን ፍጭ አለው?"

ከዚያ ያ የሳቀው "ምላሷስ ጤነኛ ነው" አለና ሁሉም ሳቁ። ሥራዋን ትሥራ ብለው ፈርደው ተነሡ።

ወሬው እስቴ ደርሶ አባቴ መጣ። እኛ ዘንድ አደረ። ማለዳ ሲነሣ፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ቅሉን በሁለት ክንዴ አቅፌ ስታገል አየኝ። መሬት የወደቀውን መቀነቴን አንሥቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። አባት ለዳራት ልጁ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

አማቴ ብቅ ብለው "ዛሬም መፍጨቱ ሊቀር ነው?" አሉ።

"እንግዲህ የሚፈጭ እጅ ያላት ፈልጉ" አለ አባቴ። በቅሎው ላይ አውጥቶኝ ሄድን።

ተፋታን። ልጆቼን ግን "ራሷን ያልቻለች ምን ታሳድጋለች" ብለው አስቀሩብኝ። ከማጭዱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

አባቴ ቤት ሕመሙ አልተወኝም፤ እንዲያውም ጉልበቴም ውስጥ ገባ። ነገር ግን በማለዳ የሚያስነሣኝ የለም። እጄ ሲፈታ የምችለውን እሠራለሁ፤ ሳልችል እቀመጣለሁ፤ የሚያሽሟጥጠኝ የለም። ሕመሙ ያው ሆኖ ኑሮዬ ግን ሌላ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ይህን ቀላል ነገር ነው የነፈጉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴቷ ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ መዳፏ ውሃ ቋጥሮ አየሁት። ገና ጥርሷን እየነቀለች ነው፤ ወፍጮ ላይ አቁመዋታል። በዓሉ ሲያልፍ አባቷ ሊወስዳት መጣ። በሩ ላይ ቆምኩበት።

"ሽማግሌ እሰበስባለሁ" አለ።

"ሰብስብ። ልጄን አልሰጥም።"

አልሰበሰበም፤ ልጄ እኔው ጋ ቀረች። ወንዱ ልጄ ግን እዚያው አደገ። እናቴ ሰነፍ ነበረች ይላል አሉ፣ እስከ ዛሬ።