እንስራ ያዘለው የዕቅድ ሹም

ከወተት ገበያ ድርጅት የተላከው የዕቅድ ሹም ስሙን አልነገረኝም፤ እኔም ሾፌሩ አልጠየቅሁትም። ከረባት ያሰረ ዝምተኛ ወጣት ነው። መንገዱን ሙሉ ካርታውን ትቶ ዳገት ዳገቱን ሲያይ ነበር። የመጣነው በሱሉልታ የወተት መሰብሰቢያ የሚሠራበትን ቦታ ሊመርጥ ነው። አስፋልቱ ዳር ይሁን ይላል ብዬ ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም።

እሱ ግን ቁልቁል ወረደ። እንስራ ወተት አዝለው ዳገቱን ሊወጡ ከተነሡት ሴቶች መካከል አደ ወርቅቱ ወደሚሏቸው እናት ተጠጋ።

"አካም ቡልተኒ? እንዴት አደሩ? እንስራውን ለእኔ ይስጡኝ።"

"ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ወንድ እንስራ ያዝላል እንዴ፣ ጌታዬ?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ገመዱን ልክ እንደነሱ በደረቱ ላይ አሰረና ጎንበስ ብሎ መውጣት ጀመረ። ሳቁ ጠፋ። ሞተሩን ሳላጠፋ በእግሬ እንደተከተልኩት ትዝ ያለኝ ዳገቱ መሃል ነው።

እዚያው አንድ ጥድ ሥር ቆመና እንስራውን ጠብታ ሳያፈስ አወረደ።

"መሰብሰቢያው እዚህ ይሁን፤ የወተት መኪናው ይውረድላችሁ።"

አደ ወርቅቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ሁላችንም የምናርፈው እዚህ ነው። ማን ነገረዎት?"

ላቡን በከረባቱ ጠረገ።

"እናቴም የምታርፈው እዚህ ነበር።"