የአውጫጭኙ ወፍ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። በየጾሙ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ስካሩን፣ ቁጣዬን ሁሉ ዘርግፌያለሁ፤ ይህችን ግን ውጬ ይዣት ኖርሁ። አሁን የማወጣትም እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሐዘናችሁን ለራሳችሁ ያዙት!

ሰዒድን ከፈተናው ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ፣ በገዛ አፌ።

ሰዒድ የሼህ ልጅ ነው፣ የመንደሬ ሰው። ሁለታችንም መካነ ሰላም ገበያ ዳር ለባላገር ማመልከቻ እየጻፍን የምናድር ነበርን። በዚያ ክፉ ቀን፣ ሰው በየመንገዱ በሚወድቅበት ዓመት፣ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እናጠና ነበር። ከአውራጃው የሚወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነው ተብሏል። ያለን የሕግ መጽሐፍም አንድ ነው፤ አንድ ቀን እሱ ጋ፣ አንድ ቀን እኔ ጋ ያድራል። እኔ አሥሬ አንብቤ የሚጠፋኝን እሱ ቁርአን በቀራበት አንደበቱ አንዴ አይቶ ቃል በቃል ይወጣዋል። "አብሽር፣ ይገባሃል" እያለ ያስረዳኛል። እንዴት እንደምጠላው! ባስረዳኝ ቁጥር ይብስብኛል።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው የጭቃ ሹሙ በሬ ተሰረቀ። አውጫጭኝ ተጠራ። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሾላው ሥር ተቀመጠ፤ ሌባው እስኪወጣ ንቅንቅ የለም። ሰውን ሁሉ ባዶ ሆዱን ሁለት ቀን ፀሐይ ጠበሰው። ፈተናው ወደሚሰጥበት ወደ ደሴ የሚሄደው የጭነት መኪና ደግሞ በማግስቱ ጧት ይነሣል፤ እሱ ካመለጠን ፈተናው አበቃ።

በአውጫጭኝ ጠቋሚው "ወፍ" ይባላል። ለሽማግሎቹ በጆሯቸው ይነግራል፣ እነሱ "ወፍ እንዲህ አለች" ብለው ያወጡታል፤ የጠቋሚው ስም አይጠራም። ሰው ከተጠቆመ እሱ ይያዝና ሌላው ይለቀቃል።

ተራዬ ደረሰ። በሬውን ማን እንደሰረቀ አውቅ ነበር? አላውቅም። ዛሬም አላውቅም። "ሰዒድ ቆዳ ሲቀብር አይቻለሁ" አልሁ። ሁላችንም ከምንቀር ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ። ውሸት! የመንደሩ ወንድ በሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ሌላ ስም ጠፍቶኝ ነው? የሰዒድን ስም የጠራሁት፣ ከተፈተነ የሚያልፈው እሱ ስለሆነ ነው። ያጎረሰኝን እጅ ነከስሁ።

"ወፍ ሰዒድን አለች!" አሉ ሽማግሌው። እሱን ያዙት፣ እኛን ለቀቁን። ልሰናበተው ስቀርብ መጽሐፉን ከጋቢው ሥር አወጣ፤ ያ ቀን የእሱ ተራ ነበር።

"እንካ፣ አንተ እንኳ አትቅር" አለኝ። "ምስክር ላይ ደካማ ነህ። ፊት ለፊት ቀርቦ የማይጠየቅ ምስክር፣ ምስክር አይባልም። ወላሂ ይቺ ትመጣለች፣ ያዛት።"

"እሺ" አልሁት። እሺ! መጽሐፉንም ተቀበልሁት።

እውነትም ፈተናው ላይ መጣች። የሰዒድን ቃል እንዳለ ገለበጥሁት። አለፍሁ።

ሼሁ ልጃቸውን ለማስለቀቅ ያላቸውን አንድ በሬ ለጭቃ ሹሙ ሰጡ። በዚያ ዓመት በሬ የሌለው ገበሬ ምን ይሆናል? ማሳቸው ጦም አደረ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ተሰደደ። ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅሁም። ቢነግሩኝስ ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ጭቃ ሹሙም አውጫጭኙም ተሻረ፤ እኔ ዳኛ ሆንሁ። ስንቱን የሐሰት ምስክር ከችሎት ወደ እስር ቤት ላክሁ! ሰው ሁሉ "ፍርድ አዋቂ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አፈራችሁብኝ? እኔ ያኔ አላፈርሁም።

ልጅ ነበርሁ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ ለሰዒድም ክፉ ነበር፣ እሱ ግን መጽሐፉን ሰጠኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁ፤ የተነዳው የእናንተ በሬ አይደለም።

መጽሐፉ ዛሬም እኔ ቤት ነው። ተራው ግን የሰዒድ ነበር።