አጎቴና የዘገየው ፈቃዴ

አጎቴ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የማንንም ከብት ከመንካታቸው በፊት የሙያ ፈቃዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለባለቤቱ ያሳያሉ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ያነቡለታል።

እኔም በዚያው ሙያ ተመርቄ ፈቃዴን ስጠብቅ፣ ጫኖ መንደር ውስጥ የአንዲት ባልቴት ላም ምጥ ጠናባት። አጎቴ ክንዳቸውን ያማቸው ስለነበር ላግዛቸው ስጠጋ ከለከሉኝ።

«እችላለሁ እኮ ጋሼ!» አልኳቸው።

«እንደምትችይማ አውቃለሁ። ግን ላሟ ብትሞት፣ ፈቃድ ሳይኖርሽ እኚህ እናት ማንን ይጠይቃሉ?»

ላብ እያጠመቃቸው ጥጃዋን ራሳቸው አወጧት። ማኩረፌን አይተው ሳቁና፣ «ፈቃድሽ ሲመጣ አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ቆሜ አይሻለሁ» አሉኝ።

ፈቃዴ የመጣው አጎቴ በተቀበሩ በሳምንቱ ነው። ትናንት ኦቾሎ ወጥቼ የመጀመሪያዋን ላም አዋለድኩ። ጥጃው ተንገዳግዶ ሲቆም፣ ሳላስበው «አዩኝ ጋሼ?» ብዬ ዞርኩ። የላሟ ባለቤት ግራ ገብቷቸው ያዩኝ ነበር።