በ«ይጣራ» ፋይል የቀረው ስም

የሽማግሌዎች ሰብሳቢው ኦቦ ኢቲቻ ወጣቶቹን በቋንቋ የሚለየውን ዝርዝር ፈርማ እንድታመጣ ለዱርሲቱ የሰጧት ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስምንት ተኩል ሆኖም እስክሪብቶዋን አልከፈተችም። ከግድግዳው ወዲያ፣ በቡራዩዋ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ወጣቶቹ ወንበር እየጎተቱ ሲቀመጡ ይሰማታል። ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ በኦሮምኛ ማምለክ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አምና መዘምራኑም የአባላት መዝገቡም ሁለት ሆኑ። ዛሬ ደግሞ እሷ ከፈረመች የወጣቶች ኅብረቱ ራሱ ለሁለት ይከፈላል።

ዱርሲቱ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የመዝገብ አያያዝ ነው። በሥራ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ትውላለች፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ፋይል ጠፍቶባት አያውቅም። ቅዳሜና እሑድ የወጣቶቹ ጸሐፊ ናት። አብሯት ያደገው አጵሎስ በዚህ አመሏ ይስቅባት ነበር።

«ወይዘሪት ፋይል» ይላታል፣ «አንቺ እኮ መንግሥተ ሰማያት ደርሰሽም የሕይወት መጽሐፉ በፊደል ተራ መሆኑን ሳታዪ አትገቢም።»

አጵሎስ ከተቀበረ አምስት ሳምንቱ ነው። ከሱሉልታ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። አባቱ አማራ ነበሩ፤ እናቱ አዴ ገለቴ ኦሮሞ ናቸው። እሱም ጠዋት ሐኒ ከምትመራቸው መዘምራን ጋር በአማርኛ፣ ከሰዓት ኩምሳ ከሚመራቸው ጋር በኦሮምኛ ሲዘምር ኖረ።

በቀብሩ ቀን ማንም አልዘመረለትም። ሰው ሲሞት የሚዘምሩት ስሙ በመዝገባቸው ያለ መዘምራን ናቸው። ሐኒ መዝገቧን አየች፣ የለም፤ የኩምሳ ሰዎች ይዘምራሉ አለች። ኩምሳም የራሱን አየ፣ የለም፤ ሐኒን ጠበቀ። መቃብሩ አፍ ላይ ሁለቱ ወገኖች ቆመው ሲተያዩ አፈሩ ተመለሰ። የሚሰማው የአካፋ ድምፅ ብቻ ነበር። አዴ ገለቴ ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩዋቸውና በኦሮምኛ ጠየቁ፦ «ልጄ ሰው አልነበረውም እንዴ?»

ስሙ ከሁለቱም የጠፋበትን ምክንያት የምታውቀው ዱርሲቱ ብቻ ናት። አምና ፎርም ስታስሞላ አጵሎስ በሁለቱም ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ መለሰላት።

«አንዱን ምረጥ» አለችው።

«ግማሼን እዚህ፣ ግማሼን እዚያ ጻፊኛ።»

«አትቀልድ። አንድ ሰው ሁለት መዝገብ ላይ አይገባም።»

«እሺ፣ እናቴን ልተዋት አባቴን?»

 ፎርሙን «ይጣራ» የሚል ፋይል ውስጥ ከተተችው፤ እዚያው ቀረ። ከግርጌው፣ የእምነት ጥያቄ ያለው እንዲጽፍ በተተወው ቦታ፣ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «በወገን ተለይተን የምንለምነው አምላክ አንድ መሆኑን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። የሚመልስልኝ አለ?» ያኔ ያናደዳት ጥያቄው አልነበረም፤ ሁለቱ ምልክቶች ነበሩ። ከቀብሩ ወዲህ ግን ለጸሎት በተንበረከከች ቁጥር ያ ጥያቄ እየመጣ አፏን ይይዘዋል።

በሩ ተንኳኳ። አዴ ገለቴ ነበሩ።

«አካም ጅርታ፣ ዱርሲቱ?» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቁ።

«ፈዩማ፣ አዴ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «መሸኛ እንድትጽፊልኝ ነው። ሰበታ እህቴ ጋ እገባለሁ፤ እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይጠይቃል። ልጄን እንደ ባዳ የቀበረ ቤት ውስጥ አሜን ማለት አቃተኝ።»

ከአዳራሹ የሐኒ ድምፅ መጣ። «የእናንተ ሰው ነው ብለን ነው የተውነው!»

«ሲሞት የእኛ ሆነ?» ኩምሳ ነው። «ለፋሲካ ብቻውን ስታዘምሩት የማን ነበር?»

«በቃ፣ ዘር ቆጠራ ጀመርክ!»

«ማን ጀመረው? ንገሪኛ!»

«ዛሬም ልጄን ይወራወሩታል» አሉ አዴ ገለቴ።

ኦቦ ኢቲቻ በሩን ገፍተው ገቡ። «ዱርሲቱ፣ ልጆቹ ሊደባደቡ ነው። ዝርዝሩን አምጪና ይለይለት።»

ብትፈርም ሁሉም ያበቃል። ሐኒና ኩምሳ እየተወቃቀሱ ይኖራሉ፤ እኚህ እናትም ልጃቸውን የጣሉት መዘምራኑ እንደሆኑ አምነው ይሄዳሉ። የአጵሎስ ፎርም ያለበትን መሳቢያ የሚከፍት የለም። ቁልፉ ያለው እሷ ጋ ነው።

ከፈተችው። ፎርሙን ይዛ ወደ አዳራሹ ገባች፤ አዴ ገለቴ ተከተሏት።

«ሐኒም አይደለችም፣ ኩምሳም አይደለም» አለች። «አጵሎስ ሁለታችሁንም መርጦ ነበር። ከሁለታችሁም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ጥያቄውን ጮክ ብላ አነበበችው።



«ልጄ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ያለው በሽማግሌዎች ፊት ነው የሚባለው።»

«ቀብሩ በሁሉም ፊት ነበር፣ ኦቦ።»

አዴ ገለቴ እጃቸውን ዘረጉ። ዱርሲቱ ቅጂ ሳታስቀር ዋናውን ለሰው ሰጥታ አታውቅም፤ ሰጠቻቸው። መነጽር አልያዙም፤ ጣታቸውን በአንዱ ምልክት ላይ አሳረፉ።

«ይኼ ምንድነው?»

«የአማርኛው።»

«ይኼኛውስ?»

«የኦሮምኛው።»

«ታዲያ ነግሮሽ ነበር።»

«አዎ፣ ነግሮኝ ነበር።»

«ጻፊው» አሉ።

«አዴ ገለቴ፣ እንደ ደንቡ ከሆነ…» ብለው ጀመሩ ኦቦ ኢቲቻ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ኩምሳ አንዱን መዝገብ፣ ሐኒ ሌላውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። ዱርሲቱ በሁለቱም ጻፈችው፤ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ከዚያ ያረፈበት ቀን። ቀኑ ላይ እጇ ቆመ። አዴ ገለቴ ግን እስክትጨርስ አጠገቧ ቆመው ጠበቁ።

«አሁን የእኔን መሸኛ።»

ይቀራሉ ብላ አስባ ነበር። ፊታቸውን አየችና ወረቀት ሳበች። የመሄጃ ምክንያት በሚለው ቦታ እስከ ዛሬ ለሁሉም የምትጽፈው «በመኖሪያ ለውጥ» የሚል ነበር። እሱን ትታ፦ «በጸሐፊዋ ስህተት ልጃቸው ያለ መዝሙር ስለተቀበረ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ፈረመች። በዚያን ቀን የፈረመችው እሱን ብቻ ነበር።