በመኝታ ከተማ መሸኘት

አንዳንድ ከተሞች ታሪክ እንደሌላቸው ብዙ ያነበቡ ሰዎች ነግረውኛል። ታሪክ ያለው ንጉሥ የነገሠበት፣ ጦር የሰፈረበት፣ ቢያንስ መንግሥት የተገለበጠበት ቦታ ነው፤ ሰው ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣበት ቦታ ፍራሽ እንጂ ከተማ አይባልም ይላሉ። እኔም ትንሽ አንብቤያለሁ፤ ግን ከዕድሜዬ ጥሩ ድርሻ ያሳለፍኩት እንዲህ ባሉ ሁለት ፍራሾች ላይ ስለሆነ አልስማማም። አንደኛው ከሞስኮ ወጣ ብሎ ነው። ሁለተኛው ክሬጊበርን ነው፤ በሜልበርን ሰሜን ጫፍ፣ የከተማው ባቡር ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ የሚቆምበት።

ወደ መጀመሪያዋ የደረስኩት በሶቪየት ዘመን ማብቂያ፣ በተማሪነት ነው። ትምህርታችን ሞስኮ፣ መኝታችን እዚያ ነበር። ጠዋት ኤሌክትሪችካ በሚሉት ባቡር ከሠራተኛው ጋር ተጨናንቀን እንሄዳለን፣ ማታ ተጨናንቀን እንመለሳለን። ነዋሪዎቹ ራሳቸው «የመኝታ ከተማ» ይሏታል። ሞስኮን ሲጠሩ «ከተማ» ብቻ ነው የሚሉት፤ የእነሱዋ ከተማ እንዳልሆነች በየቀኑ በገዛ አፋቸው ይመሰክሩባታል።

ታሪኳን ያስተማረችኝ የጓደኛዬ ፍቅረኛ ናት። ጓደኛዬ እንደኔው ከአዲስ አበባ የመጣ የምህንድስና ተማሪ ነበር፤ እሷ ደግሞ የዚያች ከተማ ተወላጅ፣ እናቷም አያቷም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሠሩ። እሑድ እሑድ ሁለታችንን ከባቡር ጣቢያው ጀምራ እየመራች ታስጎበኘናለች። መጀመሪያ ጎመን የሚያበቅል መንደር ነበር። ከዚያ አንድ ነጋዴ ወንዙ ዳር በቀይ ጡብ ፋብሪካ ሠራ፤ ውሃው ርካሽ ነበር፣ ከጭሰኝነት የወጣው ገበሬ ከውሃውም ይረክስ ነበር። ባቡር ሲመጣ የሞስኮ ሐኪሞችና ጠበቆች ጥዱ ውስጥ የእንጨት የበጋ ቤት ሠሩ። አብዮቱ የነጋዴውን ቤት መዋዕለ ሕፃናት አደረገው፤ የጠበቆቹን ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ አከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን የጭስ ማውጫ በጣሪያው አወጣ፣ የራሱን ቁልፍ በበሩ ገጠመ። ከጦርነቱ በኋላ ባለ አምስት ፎቅ የኮንክሪት ቤቶች መጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰካራም የጎረቤቱን በር ሲታገል ማንም አይቆጣውም። በመጨረሻ ፋብሪካው ሲዘጋ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሸማኔዎቹ ጠዋት ከእኛ ጋር ባቡር መሳፈር ጀመሩ፤ የፋብሪካው አዳራሽ የቱርክ ጃኬት መሸጫ ሆነ።

ነገሥታት የሉበትም፤ እውነት ነው። እኔ ግን ከብዙ ዜና መዋዕል የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቢያንስ የሚዋሽለት ደመወዝተኛ ጸሐፊ የለውም።

የከተማዋን ጠባይ ያወቅሁት ግን በሌላ ቀን ነው። በባቡር ውስጥ እነዚያ ሰዎች አይተዋወቁም። ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው፣ አንዳንዱ ቆሞ፣ ይተኛሉ፤ ጣቢያ ሲደርሱ ሳይተያዩ ይበታተናሉ። በእኛ ሕንፃ የሚኖር አንድ ጡረታ የወጣ የክሬን ነጂ ሞተ። ሳጥኑን ከደረጃው አውርደው በመግቢያው ፊት ለፊት በሁለት በርጩማ ላይ አኖሩት። ሞስኮ ይሠራሉ ያልኳቸው እነዚያ እንቅልፋሞች በሙሉ ከሥራ ቀርተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አንድ በአንድ እየቀረቡ የሳጥኑን ጠርዝ በእጃቸው ነኩ። ማንም ንግግር አላደረገም። ምን እየሆነ ነው ብዬ የጓደኛዬን ፍቅረኛ ጠየቅኋት።

«ሰው በተኛበት ነው የሚሸኘው» አለችኝ። «ሞስኮ የሚሸኙት ሹም ሲሞት ነው።»

ጓደኛዬና እሷ ተጋቡና አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ ብዙ ዓመት ስለኖረች አማርኛዋ የሰፈር ሴቶች አማርኛ ነው፤ ስትቆጣ ተረት ይቀድማታል። ከዚያ ሜልበርን፣ መጀመሪያ ኮሊንግዉድ በሚባል ሰፈር የመንግሥት ፎቅ ላይ፣ ኋላ ክሬጊበርን የራሳቸው ቤት። እኔም ተከትያቸው መጣሁ። ጓደኛዬ ክሬጊበርን ካለ አንድ መጋዘን ይሠራ ስለነበር ከሁላችን ባቡር የማያስፈልገው እሱ ብቻ ነበር፤ በዚህም ይኮራብን ነበር።

ባለፈው ክረምት ሞተ።

የዕድራችን ልማድ አንድ ነው። ሟች የትም ይኑር፣ ለቅሶው የሜልበርን ሐበሻ በሚሰባሰብበት ሰፈር፣ ፉትስክሬይ አዳራሽ ነው። ድስቱ እዚያ፣ ወንበሩ እዚያ፣ ዳኛው እዚያ። ሚስቱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት በቤቱ በር እንዲቆም፣ ጎረቤትና ዕድርተኛ እዚያ እንዲሰናበተው፣ ለቅሶውም እዚያው እንዲሆን። «ከአዳራሽ ከተሸኘ» አለችኝ፣ «እዚህ ኖረን አናውቅም ማለት ነው። ሆቴል ውስጥ ነበርን ማለት ነው።»

በማግስቱ ፉትስክሬይ ወርጄ የዕድሩን ዳኛ ከሚውሉበት ካፌ አገኘኋቸው። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ በስደት ካምፕ ብዙ ሰው የቀበሩ፣ ቀልድ የሚያውቁ፣ ልማድ ሲነካ ግን የማይታገሡ።

«አንተ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ምን ያደርጋል የምትል ሰው ነህ» አሉኝ። «ባለፈው ዓመት ሰልስቱ ይቅር አልክ። አሁን ደግሞ ለቅሶው ይሰደድ ትላለህ?»

«ጋሼ፣ ይሰደድ አላልኩም። ሰውየው ቤት ይሁን ነው ያልኩት።»

«ቤቱ የት ነው? አገር ጫፍ። ሽማግሌው በምን ይመጣል?»

«ሟቹስ በምን ይምጣ?»

«ሟች መኪና ተከራይተንለታል። የሌለን እኛ ነን።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሳቁ። እኔ አልተነሣሁም። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ፤ ሦስተኛም። የሰው ሥራው ፉትስክሬይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ሰፈር፣ ለቅሶው አዳራሽ ከሆነ ያ ሁሉ የቤት ዕዳ የሚከፈለው ለምንድን ነው አልኳቸው። ግማሹ ዕድርተኛ ዛሬ የሚኖረው በሰሜኑና በምዕራቡ ጫፍ መሆኑን፣ ነገ እሳቸውም ልጃቸው ጋ ሊገቡ እንደሚችሉ አነሣሁ። ይሄን አልወደዱትም። በመጨረሻ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል፣ ስልካቸውን አውጥተው እሷ ዘንድ ደወሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍተው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የምልሽን ስሚኝ፣ ክሬጊበርን ሩቅ ነው። ሰው ያንስብሻል ብዬ ነው።»

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ ከሞስኮ መጥቻለሁ። እርስዎ ከፉትስክሬይ መምጣት ያቅትዎታል?»

ዳኛው ስልኩን ትንሽ አዩትና «እሺ» አሉ፤ «እንመጣለን።»

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ጋራዡን ባዶ አድርገን ወንበር ደረደርን። የአስከሬኑ መኪና በቀጠሮው መጣ። የቀብር ድርጅቱ ሰዎች ሳጥኑን ባለ ጎማ መቆሚያ ላይ አውርደው ጋራዡ አፍ ላይ አቆሙልን። እሷ በርጩማ ይዛ ወጥታ ነበር፤ ጎማውን አየችና መለሰችው። «ሩሲያም ዛሬ ጎማ ገብቶ ይሆናል» አለች።

መንገዱ ግን ባዶ ነበር። እኔ፣ እሷ፣ ሴት ልጃቸው፣ ከዚህ ሰፈር ጥቂት ዕድርተኞች። ልጅቱ ስልኳን አየችና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች፤ ከዚያ ለኔ ዘረጋችልኝ። የዛሬው ጥሩምባ የስልክ ግሩፕ ነው። ዳኛው ጎሕ ሳይቀድ የላኩት መልእክት እንዲህ ይላል፦ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ለቅሶው በተለመደው ቦታ።

ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የት ነው ያላችሁት?»

«አዳራሽ ነን እንጂ። ሰው ሞልቷል። እናንተ ምነው ቆያችሁ?» አሉ። ከኋላቸው የድስት ድምፅ ይሰማኛል። «ወይኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እጄ ለምዶ ነው።»

«ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል፣ ጋሼ።»

«ያዙት» አሉኝ። «እንዳይሄድ ያዙት።»

የቀብር ድርጅቱን ሰው ለመንኩት፤ ቤተ ክርስቲያን የሚጠብቅ ካህን እንዳለ አስታወሰኝ፣ ግን ጥቂት እንደሚታገሥ ነገረኝ። እሷ ከሳጥኑ አጠገብ ቆማ መንገዱን ታያለች። አላለቀሰችም። ፊቷን የማየት ድፍረት አልነበረኝም።

መጀመሪያ የወጣው ፊት ለፊት የሚኖረው ሕንዳዊ ታክሲ ነጂ ነው። ቆሻሻ መጣያውን ሲያወጣ እጁን ከማንሣት በቀር ከጓደኛዬ ጋር የተነጋገረ አይመስለኝም ነበር። በነጠላ ጫማ ወጥቶ አየን፣ ተመልሶ ገባ። ሲመጣ ጫማ አድርጎ፣ ጥምጣሙን አጥብቆ ነበር። ከዚያ የጥጉ ቤት ሴትዮ፣ ውሻዋ ጓደኛዬን ሲያሳድደው የኖረው፤ ከዚያ ስማቸውን የማላውቃቸው። ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስላላወቁ እሷን ተመለከቱ። እሷ እጇን በሳጥኑ ጠርዝ ላይ አኖረች። ሕንዳዊው ቀርቦ እንደሷ አደረገ። ሴትዮዋም ተከተለች።

ሳጥኑ ወደ መኪናው ሊገባ ሲል የፉትስክሬይ መኪኖች ተግተልትለው ደረሱ። የፊተኛው የዳኛው ልጅ መኪና ነበር፤ ቀጥ ብሎ የመውጫውን መንገድ ዘግቶ ቆመ። የቀብር ድርጅቱ ሰው መኪናው እንዲነሣ በትሕትና ጠየቀ።

«ጋሼ፣ መንገድ ዘግታችኋል» አልኩ።

«ይዘጋ» አሉ። ከዘራቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በጎረቤቶቹ መሀል አለፉ። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከኋላቸው ዕድርተኛው በተራው ቀረበ፤ ለቅሶውም በዚያ ጸጥተኛ መንገድ ላይ በአገሩ ድምፅ ተነሣ። የጥጉ ቤት ሴትዮ ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትልም አልሄደችም።

ካህኑን አስጠበቅናቸው። ተቆጡን፤ የሚገባን ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ድስቶቹ ከፉትስክሬይ መጥተው ጋራዡ ውስጥ ተደርድረዋል። ዳኛው ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ የመንገዱን ርቀት፣ የቤቶቹን መመሳሰል፣ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሌላ ሰው በር ላይ መቆሙን እያነሡ ወቀሱን። ማንም አልተከራከራቸውም። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ፤ የነገውን የለቅሶ መልእክት መጻፍ ነበረባቸው።

«የመንገዱ ስም ማን ነው?» አሉ።

እሷ ሳህን ይዛ ስታልፍ ሰማች። ሳህኑን ለልጇ ሰጥታ ከወንበራቸው ኋላ ቆመች። ስሙን በቀስታ ነገረቻቸው፤ በአንድ ጣት ጻፉ። የቤቱን ቁጥር ነገረቻቸው፤ ጻፉ። «ክሬጊበርንም ይጨምሩበት» አለች፤ ጨመሩ። እስኪልኩት ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።